ኅዳር ሲጠረግ

በእኛ ሰፈር የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ሰው ነጭ ልብሱን ከማጠቡ በፊት ማጭዱን ይስላል። ይህን ስነግራቸው አገር ቤት ያሉት ይስቃሉ። ጎንደር ያለችው እህቴ በስልክ፣ እናንተማ በዓሉንም የቀን ሥራ አደረጋችሁት ትለኛለች። እሷ የምትስቀው ቆርቆሮ ቤቷ ውስጥ ተቀምጣ ነው። እኔ የምኖረው ሱዳን ውስጥ፣ ከዶካ ወጣ ብሎ፣ ወደ ገላባት ከሚሄደው መንገድ ገባ ሲሉ፣ ግራር መሀል በተቀለሰ ጎጆ ነው። ጣራው ሣር፣ አጥሩ እሾህ፣ ዙሪያው ደግሞ ዝናቡ ሲያበቃ ሰው የሚውጥ ደረቅ ሣር። ስለዚህ እሷ ትሳቅ፤ እኔ ማጭዴን መሳል አልተውም።

የመጣነው ለሰሊጥ አጨዳ ነበር፤ ለዘንድሮ ብቻ ብለን። ለዘንድሮ ብቻ ሳይል የመጣ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ዘንድሮ አልፎ ከርሞ መጣ፣ ልጆች ተወለዱ፣ ልጆቹ አፋቸውን ግማሽ በአማርኛ ግማሽ በአረብኛ ፈቱ፣ እኔም ከባሌ ጋር ስጣላ በየትኛው ቋንቋ እንደምቆጣ ግራ እስኪገባኝ ድረስ ኖርኩ። ባሌ አጨዳ ሲደርስ ከእርሻ እርሻ ስለሚዞር ብዙውን ጊዜ ቤት የለም፤ እዚህ ጽሑፍ ውስጥም ብዙ አይገኝም።

የሠፈርንበት መሬት የሐጁ ነበር። ሐጅ የምለው ሁሉም ሰው እንዲያ ይጠራቸው ስለነበር ነው፤ ከሰፈራችን ጀርባ ሰፊ የሐሻብ ማሳ የነበራቸው ሱዳናዊ ሽማግሌ ናቸው። ሐሻብ ሙጫ የሚሰጠው የግራር ዓይነት ነው። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ልጡን ላጥ ያደርጉታል፤ ከቁስሉ ሙጫው ይወጣና እየተድቦለቦለ ይደርቃል። ወንዶቹ ይልጣሉ፤ ለቅመን ከቅርፊትና ከአሸዋ የምናጸዳው እኛ ሴቶች ነን። የበጋው ጉርሳችን ከዚያ ነበር። ሐጁ ወንዶቻችን ሲሠሩ አይተው ወደዷቸውና፣ እዚያ ጥግ ላይ ጎጆ ቀልሱ አሉን። ወረቀት አልተጻፈ፣ ምስክር አልተጠራ። እሳቸው ኑሩ አሉ፣ እኛም ኖርን።

ጎጆዎቻችንን በሙሉ የከደኑልን ደግሞ የራሳችን ሰው ናቸው። አያ እንላቸዋለን፤ ከጭልጋ በኩል የመጡ ሣር ከዳኝ ናቸው፣ ከሁላችንም ቀድመው እዚህ የደረሱ። ጣራ ላይ ሲሆኑ ከታች ያለውን ሰው በሙሉ ይሳደባሉ፤ ሣር ያቀበላቸውን፣ ገመድ ያቀበላቸውን፣ ሲያልፍ ሰላም ያላቸውን። ከጣራ ሲወርዱ ደግሞ እንደ እሳቸው የዋህ አይገኝም። ልጅ ሲታመም ቀድመው የሚደርሱ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ መሀል የሚገቡ እሳቸው ናቸው። በዓሉን፣ ጾሙን፣ አገር ቤት የሚደረገውን ሁሉ የሚያስታውሱንም እሳቸው ነበሩ።

ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን ቆሻሻ ማቃጠልንም ያመጡት እሳቸው ናቸው፤ ወይም ሁላችንም ይዘነው መጥተን እንዳይረሳ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። በአያቶቻችን ዘመን በዚያ ወር ብዙ ሰው የጨረሰ በሽታ ገብቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሰፈሩ ይጠረጋል፣ ጥራጊው በየደጁ ተከምሮ ይነዳል፣ በሽታውን ጢሱ ይዞት ይሄዳል ይባላል። ኅዳር ሲታጠን የምንለው ይህንን ነው። አገር ቤት በዚያ ወር ሜዳው ገና እርጥብ ነውና እሳቱ ከቆሻሻው አያልፍም። እዚህ ኅዳር ማለት ዋልካው አፈር የሚሰነጣጠቅበት፣ ሣሩ ሲረግጡት የሚንኮሻኮሽበት ወር ነው። እኛ ግን ቀኑን እንጂ መሬቱን አላየንም ነበር።

መጀመሪያ ላይ ጎጆዎቹ ጥቂት፣ ቆሻሻውም እፍኝ ስለነበር ምንም ሳይሆን አለፈ። አንድ ዓመት ዝናቡ በጣም ጠገበ። ሣሩ ከሰው ቁመት በለጠ። ሰፈሩም ሰው ጨምሮ ነበር። በዚያ ላይ አያ በዚያ ሰሞን የብዙ ጎጆ ጣራ አድሰው ስለነበር፣ የተነሣው አሮጌ ሣር ሁሉ ከቆሻሻው ጋር ተከመረ። ክምሩ ከራሳቸው ከአያ ጎጆ ጎልቶ ይታይ ነበር። ጠዋት ጸሎት አድርሰው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ክብሪቱን የጫሩት እሳቸው ናቸው። ልጆች ዙሪያውን ይዘፍናሉ፣ እኛ ሴቶች በጢሱ መሀል እየተሳሳቅን እናልፋለን።

ረፈድ ሲል የሰሜኑ ነፋስ ተነሣ። አሮጌ የጣራ ሣር እንደ ሌላ ቆሻሻ ባለበት አይነድም፤ እየነደደ ይበራል። አንዱ ብናኝ አጥሩ ላይ አረፈ፣ እሾሁ ተያያዘ፣ ከዚያ ሣሩ። ነፋሱ ከእኛ ወደ ውጭ ይነፍስ ስለነበር እሳቱ ለጎጆዎቻችን ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ሐጁ ማሳ ሮጠ። ቅጠል ይዘን፣ ውሃ ይዘን፣ አንዳንዱም ባዶ እጁን ተከተልነው። ከመንደሩ ሱዳኖቹ በርሜል በአህያ ጋሪ ጭነው ደረሱ። የሚያቆመው አልተገኘም። ከሰዓት በኋላ ከደረቁ የወንዝ ቦይ ሲደርስ የሚበላው አጥቶ ሞተ።

ሰው አልሞተም፤ ለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ዞር ብዬ ሳይ የእኛ አንድም ጎጆ አልተነካም። የእሳቸው ሐሻብ፣ ገና ልጡ ተልጦ ሙጫ መስጠት የጀመረው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠቁሮ ቆሟል። ጎጆዬ በመትረፉ ያፈርኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ የሌሎቹ ማሳ ባለቤቶች ሐጁ ግቢ ተሰበሰቡ። የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ሐበሾቹ ይውጡ። ከእነሱ ሁሉ የባሰው የሐጁ ልጅ ነበር። ካርቱም ሱቅ ያለው፣ ለሙጫው ሥራ በዚያ ሳምንት የመጣ፣ ሸሚዙ ላይ ገና ጥላሸት ያልለቀቀ ጎልማሳ። አያ ይህን ሲሰሙ ተነሡና ልሂድ አሉ። አረብኛቸው ከሰላምታ ስለማያልፍ እኔን ይዘውኝ ሄዱ። በሰፈሩ ውስጥ አረብኛ የሚችሉ ወንዶች ነበሩ፤ ያን ዕለት ግን ሁሉም ሥራ በዝቶባቸው ነበር።

ሐጁ በገመድ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። አያ አልተቀመጡም። ጋቢያቸውን አውርደው ወገባቸው ላይ አሰሩና፣ በአማርኛ እንዲህ አሉ፤

«እሳቱን የለኮስኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው እጁ የለበትም። እኔ ልውጣ፣ እነዚህ ልጆች አሏቸውና ይቆዩ።»

ተረጎምኩ። የተሰበሰቡት ማጉረምረም ጀመሩ፤ ሐጁ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟቸውና ወደ እኔ ዞረው፣ ልጄ፣ ለመሆኑ ለምን ብላችሁ ነው ያነደዳችሁት ብለው ጠየቁ። ቁጣ አልነበረበትም። ሰው ማወቅ ሲፈልግ እንደሚጠይቀው ነው የጠየቁት። ስለ በሽታው፣ ስለ ጢሱ፣ ስለ ቀኑ የቻልኩትን ያህል ነገርኳቸው። ልጃቸው፣ በሽታ ፈርተው የሰው ንብረት ያነዳሉ አለ። ሐጁ ግን፣ የእኔም አያት ስለዚያ በሽታ ይናገሩ ነበር አሉ። እዚህም ገብቶ ነበር፤ መቃብር የሚቆፍር ጠፍቶ ነበር ይሉ ነበር አሉ።

ከዚያ የተናገሩትን እስካሁን ቃል በቃል እችለዋለሁ፤

«ቀናችሁን አልነካባችሁም። በዚያው ቀን፣ በየዓመቱ፣ ከእኔ ጋር የእሳት መስመር ትከፍታላችሁ። ቆሻሻችሁን መስመሩ ላይ፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ እኔ ባለሁበት ታቃጥላላችሁ። መስመሩ እስከተከፈተ ድረስ እዚህ ትኖራላችሁ።»

ልጃቸው ተነሥቶ ወጣ። ለአያ ስተረጉምላቸው ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አለቀሱ። እኔ እሳቸው ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበርና የማደርገው ጠፍቶኝ፣ አያ ያልተናገሩትን ምስጋና ሁሉ ጨምሬ ለሐጁ ተረጎምኩላቸው። ከዚያ በኋላ አያ ስንት ነገር ብዬ እንደተረጎምኩ ሲሰሙ፣ እንኳንም አንቺን ወሰድኩ አሉኝ።

መስመር ሲሉ እኔ በእግር የሚረገጥ ቀጭን ነገር መስሎኝ ነበር። ሎሪ የሚያሳልፍ ስፋት ያለው፣ ሰፈራችንንና ማሳውን አንድ ላይ የሚከብ፣ እሳት የሚበላው እንዳያገኝ ሣሩ ከሥሩ ታጭዶና ተነቅሎ ዋልካው ራቁቱን የሚታይበት ሆኖ አገኘሁት። ሱዳኖቹ ኸጥ ናር ይሉታል። ወንዶቹ በዶማ፣ ሴቶቹ በማጭድና በመጥረጊያ፣ ሐጁ ደግሞ በከዘራቸው። ከዘራው ሥራው ማመልከት ነው፤ እዚህ ጉቶ ቀርቷል፣ እዚያ የላሎቡ ዛፍ ቅርንጫፍ መስመሩን ተሻግሯል፣ እሱን ካልቆረጣችሁ እሳት እንደ ድልድይ ይሻገርበታል። ሣር ከሥሩ ሳይነቅል የሄደ ሰው ካገኙ ስሙን አይጠሩም፤ እዚያው ቆመው ይጠብቁታል፣ ራሱ አይቶ እስኪመለስ። ከእሳቸው ዝምታ የአያ ስድብ ይሻላል እንባባል ነበር።

ጥራጊውን መስመሩ መሀል ከምረን በማለዳ፣ ጢሱ ቀጥ ብሎ በሚወጣበት ሰዓት እናነደዋለን። አያ ክብሪቱን ለሐጁ ይሰጣሉ፣ ሐጁ ለአያ ይመልሳሉ፣ እንዲህ ሲገባበዙ አንዱ ትዕግሥት ያጣ ይለኩሰዋል። ብዙውን ጊዜ እኔ ነኝ።

የሐጁ ሚስት ሐጃ ደግሞ ምግብ ይዘው ይመጣሉ። በመጀመሪያው ዓመት ሥጋ ያለበት ወጥ ሠርተው መጥተው ነበር፤ እኛ እነሱ ያረዱትን እንደማንበላ፣ እነሱም እኛ ያረድነውን እንደማይበሉ ያን ዕለት ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። ድስቱ መሀል ተቀምጦ ሁላችንም ሰማይ ሰማይ እናያለን። ሐጃ ነገሩ ሲገባቸው ሳቁና ለሱዳኖቹ ብቻ አወጡ፤ ለእኛ ከቤት የተፈጨ ለውዝ አስመጡ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለሁሉም የሚሆን፣ ሥጋ ያልነካው የደረቀ ባሚያ ወጥ ከገንፎ ጋር ይሠራሉ። ሰው ለሰው የሚጨነቀው በዚህ መንገድ ነው ብዬ አስባለሁ፤ ማን ምን እንደማይበላ በማስታወስ።

መስመሩ ብቻውን አይበቃም ብለው ሐጁ ሌላ ነገር አመጡ። በየግቢው ዞሮ ሴቶቹን የሚያስተምር ሰው ያስፈልጋል አሉ። አፏ የማያርፍ ማን ናት ሲባል ሰፈሩ በአንድ ድምፅ እኔን መረጠ። ከዚያ ወዲህ ዝናቡ ሲያበቃ ከግቢ ግቢ እዞራለሁ። በጎጆው ዙሪያ ያለውን ሣር እጨዱ፣ ምድጃውን ከነፋሱ በኩል በጭቃ ከልሉ፣ ማገዶ ከጣራ ሥር አትከምሩ፣ ውሃ ያለበት በርሜል ደጅ ይኑር፣ አመድ ትኩስ እያለ አትድፉ። አንዷ ጎረቤቴ፣ ቀዝቅዟል እኮ እያለች ስትከራከረኝ፣ ቀዘቀዘ የሚባለው እጅሽን ከተሽ ስታወጪ ነው አልኳት። አንቺ ቅደሚ አለችኝ። ሁለታችንም አልከተትንም፤ ውሃ ደፋንበት።

ለልጆቹ ያስተማሩት ሐጁ ራሳቸው ናቸው። ከዛፍ ሥር ሰብስበው እያንዳንዱን ለምለም ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ያስይዙትና፣ እሳት እንደ እባብ ከራሱ ሳይሆን ከጎኑ እንደሚመታ ያሳያሉ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ተረታችንን ስተረጉምላቸው በጣም ወደዱት። በአማርኛ ያወቁት ዓረፍተ ነገር እሱ ብቻ ነው። በልጆቹ ፊት ሲሉት ቀ የምትለዋ ፊደል አልወጣ እያለቻቸው ልጆቹ መሬት ላይ እየተንከባለሉ ይስቁ ነበር፤ እሳቸውም ሆን ብለው ደጋግመው ያበላሹታል።

ከጥቂት በጋ በኋላ መስመሩ ተፈተነ። ከምዕራብ ካሉት ትልልቅ እርሻዎች በአንዱ የሰሊጥ ገለባ ሲቃጠል አምልጦ፣ እኩለ ቀን ላይ ጢሱ ሰማዩን ሸፍኖ መጣ። እንደ ድሮው ወደ እሳቱ አልሮጥንም። ሁሉም ወደተነገረው ቦታ ሄዶ መስመሩ ላይ ቆመ፤ ሕፃናቱን ወደ ጥቁሩ አስፋልት መንገድ አወጣናቸው። እሳቱ ከመስመሩ ማዶ ደረሰ። ሙቀቱ ፊት ያስዞራል። ብናኙ ተሻግሮ በወደቀ ቁጥር አንዷ በቅጠል ትመታዋለች፣ አንዱ አፈር ይደፋበታል። ነፋሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ገፋው፤ የሚበላው ሣር ግን አልነበረም። ባለበት አነሰ፣ ከዚያ ጢስ ብቻ ሆነ።

ሐጁ መሬቱ ላይ ተቀምጠው ቀሩ። ውሃ ወሰድኩላቸው። የከበደ ነገር ይናገራሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ጠጥተው ጣሳውን መለሱልኝና፣ ነገ ሙጫ ለቀማ አለ፣ እንዳትቀሩ አሉ። እኔ በሕይወቴ ብዙ ሰው አመስግኛለሁ፤ ግማሹን ለወጉ ነው። ያን ቀን ግን እንዳትቀሩ ሲሉኝ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሂዱልን የሚባልበት አገር ሞልቶ፣ እንዳትቀሩ የሚለን ሰው መሬት ላይ ማረፋችን ትልቅ ዕድል ነው። አሁንም እንዲያ ነው የማምነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ካርቱም ተበተነች፤ ሰው በሎሪ፣ በአውቶቡስ፣ በትራክተር ተሳቢ ሁሉ ወደ እኛ ወደ ምሥራቅ ወረደ። ተሰዶ መምጣት እኛ የምናውቀው ነገር ነው፤ ባለአገሩ ሲሰደድ ማየት ግን ሌላ ነው። የሐጁ ልጅም ሱቁን ጥሎ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ተመለሰ። ቆይቶም የሚስቱ ወገኖች ተከተሉት። አረጋውያን፣ ወጣቶች፣ ሕፃናት የያዙ ሴቶች በሐጁ ግቢ ተጨናንቀው ከረሙ። ቤቱ አልበቃ ብሎ ግማሾቹ ዛፍ ሥር ያድሩ ነበር።

በዚያው ክረምት ሐጁ ታመሙ። መንገዱ በዋልካ ጭቃ ተዘግቶ ስለነበር ገዳሪፍ ሆስፒታል ማድረስ ቀርቶ ዶካ መውሰዱም አልተቻለ፤ እቤታቸው አረፉ። ሰፈራችን በሙሉ ለቅሶ ቤቱ ምንጣፍ ላይ ዋለ። እኛ ሴቶች ውሃ ቀዳን፣ ማገዶ ፈለጥን፣ ሐጃን ደግፈን ይዘን አለቀስን። አያ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጠው የጋቢያቸውን ጥለት በጣታቸው ሲቆጥሩ ይውሉ ነበር። አባቴ አገር ቤት ሲሞት መቅበር አልቻልኩም ነበር። ያንን እንባዬንም እዚያው አወረድኩት።

ከለቅሶው በኋላ ፍርሃት ገባ። መሬቱ የልጁ ሆነ። ልጁ ደግሞ ያን ጊዜ ይውጡ ያለው ሰው ነው። ያለን ወረቀት ሳይሆን የአንድ ሰው ቃል ነበር፤ ሰውየውን ደግሞ ቀብረናል። አጠገቡ ቤት ያጣ የሥጋ ዘመድ እያለው ባዕድ ምን ሊያደርግለት ነው ይላል ሰው፤ ልክም ነው። ዝናቡ ሲያባራ ልጁ ገመድ ይዞ፣ ችካል የሚተክል ሰው አስከትሎ፣ ከአጥራችን ጥግ እየለካ ታየ። ሰላም አለን፤ ሌላ ምንም አላለም። ያን ዕለት የሰፈሩ ሱቅ ደጃፍ ላይ፣ እሳት አመድ ይወልዳል የሚለውን ተረት ከብዙ አፍ ሰማሁ። አንዳንዱ ፋው ወደሚባለው ከተማ ሄዶ የእርሻ ሥራ ሊፈልግ ዕቃውን ማሰር ጀመረ። ወደ መተማ መመለስ የሚል ነበር፤ ግን ወዲያም ተኩስ ስላለ ሐሳቡን ይጀምሩታል እንጂ አይጨርሱትም። እኔ ልጆቼን አያለሁ፣ ጎጆዬን አያለሁ፣ እንቅልፍ የለኝም።

አያ አሁን ዓይናቸው ደክሟል፣ ጣራ መውጣት ትተዋል። ሰዎቹ ምን ይሻላል ብለው ሲሰበሰቡባቸው፣ ሟቹ መስመሩ እስከተከፈተ ድረስ ነው ያሉት፣ ስለዚህ እንክፈተው አሉ። ሌላ ምክር አልሰጡም።

ባለፈው ኅዳር ሚካኤል ማለዳ ወጣን። ከዚያ ቀደም ሐጁ ቀድመውን ይገኙ ነበር። ያን ቀን ማንም የለም። ትንሽ ጠበቅን። ጸሐይ መውጣት ስትጀምር አያ፣ በሉ አሉ፣ ጀመርን። ማንም አይጫወት፣ ማንም አይዘፍን። ማጭዱ ብቻ ይሰማል። በሐጁ ማሳ በኩል ያለውንም ሳንታዘዝ እናጭድ ጀመር፤ ሰው የሞተበት ቤት እንዴት ሜዳው ሳይጠረግ ይቀራል።

ብዙ ሳንሄድ ከዛፎቹ መሀል ሰዎች ሲመጡ አየን። ልጁ ከፊት ነው፤ ከኋላው ሐጃ በአህያ ጋሪ ላይ፣ ከእሳቸው ኋላ ደግሞ የሚስቱ ወገኖች በሙሉ። የከተማ ነጠላ ጫማ ያደረጉ፣ ጥሩ ሱሪ የለበሱ፣ እሾህ እየወጋቸው የሚራመዱ። ሁላችንም ቀና ብለን ቆምን። ዛሬ ይነግረናል አልኩ፤ በሰው ፊት፣ በበዓላችን ቀን።

ልጁ ቀጥ ብሎ ወደ አያ መጣ፤ እጃቸውን ያዘና ትከሻቸውን ሳመ። አርፍደናል፣ ይቅርታ፣ እናቴ ድስቱ ሳይበስል አንሄድም ብላ ነው አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ የአባቱን ያህል ባይሆንም የአባቱ ድምፅ አለው።

«እህቴ፣ እነዚህ የሚስቴ ቤተሰቦች ናቸው። ከእናንተ ጎን ቤት ይሠራሉ። ከአጥራችሁ ምን ያህል ይራቁ ብዬ ለክቻለሁ፣ ካነሰ ንገሪኝ። ከተማ ነው ያደጉት፣ እሳት የሚያውቁት ጋዝ ምድጃ ላይ ነው። አባቴ እናንተን እንዳስተማረ አስተምሪያቸው።»

ለአያ መተርጎም ነበረብኝ። አልቻልኩም። አፌ የማያርፈው እኔ አንድ ቃል አልወጣኝም። አያ ግን ከእኔ ፊት ላይ አነበቡት መሰለኝ፣ ጥሩ ሱሪ ለለበሰ አንድ ወጣት ዶማቸውን ሰጡትና እንዴት እንደሚቆም በምልክት ያሳዩት ጀመር፤ ሲሳሳት ደግሞ ጣራ ላይ እንዳሉ ሁሉ በአማርኛ ይሰድቡታል። ሐጃ ከጋሪው ላይ ሆነው፣ እናንተ ሰዎች፣ ነፋሱ ይነሣባችኋል ሥሩ እያሉ ይስቃሉ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል።

ከመጡት ሴቶች አንዷ አጠገቤ ቆማ ነበር። በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ጣቶቿ ላይ የሒና ጌጥ እየደበዘዘ ያለ፣ ማጭድ በእጇ ነክታ የማታውቅ። ሰላም ስላት አረብኛዬ ላይ የሆነ ነገር ሰምታ መሰለኝ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ «አንቺ የዚህ አገር ሰው ነሽ?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደተጠየቅኩ አላውቅም። በኬላ፣ በገበያ፣ በክሊኒክ ተጠይቄያለሁ፤ መልሴ ሁልጊዜ ከዚያ ማዶ ነኝ፣ ለሥራ ነው የመጣሁት የሚል ነበር። ያን ማለዳ የታጨደውን መስመር አየሁ፣ ያልታጨደውን አየሁ፣ ልጁ እጅጌውን ጠቅልሎ ጉቶ ሲነቅል አየሁ።

«አዎ፣ የዚህ ነኝ» አልኳት። ከዚያ እጇን ይዤ ማጭዱ እንዴት እንደሚያዝ አሳየኋት።